የማላዊ ሐይቅ ሲክሊድ አኳሪየም

የማላዊ ሐይቅ ሲክሊድ አኳሪየም በምሥራቅ አፍሪካ በሚገኘው በማላዊ ሐይቅ ለሚኖሩ፣ ሲክሊድ በሚባለው አስተኔ ለሚመደቡ ዓሦች የሚዘጋጅ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ነው። ዓሦቹ ሰማያዊ፣ ቢጫና ብርቱካናማ ቀለማቸው የባሕር ዓሦችን ስለሚያስታውስ በዓለም ዙሪያ ጨዋማ ባልሆነ ውሃ ከሚረቡ ጌጠኛ ዓሦች መካከል በጣም ተፈላጊ ናቸው። ጠንካራና ዕድሜያቸው ረጅም ሲሆን በጥሩ አያያዝ እስከ 10 ዓመት ሊኖሩ ይችላሉ። ይሁን እንጂ በጀማሪ እጅ ብዙዎቹ የሚሞቱት በመጀመሪያው ወር ነው። የዚህ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ በሽታ ሳይሆን ገንዳው ሳይበስል ዓሣ ስለሚገባበት ነው። መብሰል ማለት ምን እንደሆነና በዚህ ዓይነት ገንዳ ለምን ከሌላው ይልቅ አስፈላጊ እንደሚሆን ከታች ተብራርቷል።

ሲክሊድ የሚለው ስም ለብዙ ኢትዮጵያውያን እንግዳ ቢሆንም ዓሣው እንግዳ አይደለም። በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች የሚጠመደውና ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የዚሁ አስተኔ አባል ነው።

ሐይቁና ዓሦቹ

የማላዊ ሐይቅ በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ደቡባዊ ክፍል በማላዊ፣ በሞዛምቢክና በታንዛኒያ መካከል የተዘረጋ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 475 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ሲሆን ርዝመቱ ወደ 560 ኪሎሜትር፣ ጥልቀቱም እስከ 700 ሜትር ይደርሳል። ከጥልቀቱ ሁሉ ኦክስጅን ያለው የላይኛው 200 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ዓሣ አይኖርም። ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውሃ አብዛኛው በሺሬ ወንዝ ፈስሶ ሳይሆን በትነት ስለሚወጣ ማዕድናቱ በሐይቁ ውስጥ ይቀራሉ። በዚህም የተነሳ ውሃው ከገለልተኛው መስመር ከፍ ያለ፣ ማለትም አልካላይን ሆኖ ፒኤቹ በ7.7 እና በ8.6 መካከል ይገኛል። የላይኛው ውሃ ሙቀት እንደ ወቅቱ ከ23 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሐይቁ እጅግ ትልቅ በመሆኑ እነዚህ ቁጥሮች ከቀን ወደ ቀን አይለዋወጡም። ዓሦቹም ድንገተኛ ለውጥን አልለመዱም።

በሐይቁ ውስጥ ያሉት የሲክሊድ ዝርያዎች ብዛት 800 ወይም ከዚያ በላይ እንደሚሆን ይገመታል፤ ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም ከዚህ ሐይቅ ውጭ በተፈጥሮ አይገኙም። በ1980 እ.ኤ.አ. በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመ ሲሆን በ1984 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

በአኳሪየም በብዛት የሚያዙት እምቡና የሚባሉት ናቸው። ስሙ ከሐይቁ ዳርቻ ነዋሪዎች ከቶንጋ ሕዝብ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን በድንጋይ መካከል የሚኖሩትን ዓሦች ያመለክታል። እምቡና አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ ከድንጋያማው ዳርቻ ርቆ የማይሄድ ዓሣ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ጄፍሪ ፍራየር በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በንካታ ቤይ አካባቢ እነዚህ ዓሦች በድንጋይ ላይ የሚበቅለውን የአልጌ ምንጣፍ እየጋጡ እንዴት እንደሚኖሩ በዝርዝር ገልጿል። ምንጣፉ አልጌ ብቻ ሳይሆን በውስጡ የተሸሸጉ ጥቃቅን ነፍሳትንም ይይዛል። ብዙ ወንዶች በድንጋዩ መካከል የራሳቸው የሆነች ቦታ ይዘው ሌላውን ያባርራሉ።

የአኳሪየሙ አሠራር በሙሉ ከዚህ አኗኗር ይነሳል። ድንጋይ የሚከመረው ዓሣው በድንጋይ መካከል ስለሚኖር ነው፤ ምግቡ ቀላልና አትክልት የሚበዛበት የሚሆነው አንጀቱ ለአልጌ ስለተሠራ ነው፤ የዓሦቹ ቁጥርና ዓይነት በስሌት የሚመረጠውም ዓሣው ድንበር ጠባቂ ስለሆነ ነው።

ገንዳውና ድንጋዩ

ለእምቡና የገንዳው ርዝመት ከከፍታው ይበልጣል፤ ዓሣው የሚሸሸው ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ አይደለም። ለጀማሪ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 50 ሴንቲሜትር የሆነ፣ 300 ሊትር ገደማ የሚይዝ ገንዳ ተስማሚ ነው። ትንሽ ገንዳ ለጀማሪ ይቀላል የሚለው አስተሳሰብ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ውሃው ባነሰ መጠን ቆሻሻው ቶሎ ይከማቻል፣ ሙቀቱም ቶሎ ይለዋወጣል፣ ተሸናፊውም ዓሣ መሸሸጊያ ያጣል።

ገንዳው ከመገዛቱ በፊት ክብደቱን ማስላት ይገባል። 300 ሊትር ውሃ 300 ኪሎግራም ይመዝናል። የመስታወቱ ውፍረት 10 ሚሊሜትር ከሆነ መስታወቱ ብቻውን ወደ 58 ኪሎግራም ነው። 60 ኪሎግራም ድንጋይና አሸዋ ሲጨመርበት ድምሩ ከ400 ኪሎግራም ያልፋል። ይህ ስድስት ጎልማሳ ሰዎች ከአንድ ጠረጴዛ ላይ ቀኑን ሙሉ ቆመው እንደማለት ነው። ስለዚህ ማስቀመጫው ለዚሁ ተብሎ ከብረት ወይም ከወፍራም እንጨት የተሠራና በውሃ ልክ የተስተካከለ መሆን አለበት። ከገንዳው ሥር ስስ ስፖንጅ ወይም ፎም ማንጠፍ በመስታወቱ ላይ የሚያርፈውን ጫና እኩል ያከፋፍላል።

ድንጋዩ ከአሸዋው በፊት ይገባል። ይህ ቅደም ተከተል ትንሽ ነገር ቢመስልም ብዙ ገንዳ የተሰበረው እሱ ባለመጠበቁ ነው። እምቡና አሸዋ የመቆፈር ልማድ አለው፤ በአሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ሥሩ ሲቦረቦር ይናድና መስታወቱን ይመታል። ትልልቆቹ ድንጋዮች በቀጥታ በገንዳው ወለል ላይ፣ በስስ ፕላስቲክ ወይም ፎም ላይ ይቀመጣሉ፤ ከዚያ በኋላ በደንብ የታጠበ ደቃቅ አሸዋ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት በዙሪያቸው ይፈሳል። ክምሩ ብዙ ዋሻና መተላለፊያ ያለው፣ እያንዳንዱ ዋሻም መግቢያና መውጫ ያለው እንዲሆን ይደረጋል። አንድ በር ብቻ ያለው ዋሻ ለተባራሪው ዓሣ ወጥመድ ነው።

በኢትዮጵያ ለግንባታ የሚውለው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ ውሃውን ስለማይለውጥ ለዚህ ጥሩ ነው። የኖራ ድንጋይም ይሆናል፤ ቀስ እያለ ማዕድን ወደ ውሃው ይለቃል። ሁለቱን ለመለየት ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ ይበቃል፤ የኖራ ድንጋይ አረፋ ያወጣል። የብረት ዝገት የሚመስል መስመር ወይም የሚያብረቀርቅ ማዕድን ያለበት ድንጋይ ግን ይቅር። ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ጠርዙ ስለት ስለሆነ ዓሣውን ይቧጭራል፤ ቀዳዳው የበዛ በመሆኑ ግን በማጣሪያ ውስጥ ለባክቴሪያ ማደሪያነት እጅግ ጠቃሚ ነው። የውሃ ተክል በእምቡና ገንዳ ብዙም አይቆይም፤ ዓሦቹ ይበሉታል ወይም ይነቅሉታል።

ውሃውን ማዘጋጀት

ውሃ ጠንካራ የሚባለው በውስጡ የሟሙ ካልሲየምና ማግኒዥየም ሲበዙ ነው፤ እንዲህ ያለ ውሃ ሳሙና ቶሎ አያስፈላም። ከዚህ ሌላ ካርቦኔት ጥንካሬ የሚባል ልኬት አለ፤ ይህ ፒኤቹ እንዳይወርድ ደግፎ የሚይዘው የባይካርቦኔት መጠን ነው። በማላዊ ሐይቅ የመጀመሪያው ከ4 እስከ 6፣ ሁለተኛው ከ6 እስከ 8 የጀርመን ዲግሪ ነው። ለአኳሪየም ከሁለቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው ካርቦኔት ጥንካሬው ነው። እሱ ዝቅ ካለ በገንዳው ውስጥ በየቀኑ የሚፈጠረው አሲድ ፒኤቹን በሳምንታት ውስጥ ያወርደዋል።

የቧንቧ ውሃ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ ከግድብ የሚመጣውና ከጉድጓድ የሚወጣው አንድ አይደለም፤ አዲስ አበባ ሁለቱንም ትጠቀማለች። ስለዚህ ከሌላ ሰው የተገኘ ቀመር ከመከተል ይልቅ የራስን ውሃ በመመርመሪያ ጠብታ መለካት ይቀድማል። ውሃው ለስላሳ ሆኖ ከተገኘ በ50 ሊትር 6 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ማለትም ቤኪንግ ሶዳ፣ ካርቦኔት ጥንካሬውን በ4 ዲግሪ ያህል ያሳድጋል። በየኩሽናው የሚገኘው ቤኪንግ ፓውደር ግን ሌላ ነገር ነው፤ አሲድና ስታርች የተቀላቀለበት ስለሆነ ወደ ገንዳ አይገባም። ካልሲየምና ማግኒዥየም ለመጨመር ኤፕሶም ጨውና የኖራ ድንጋይ ያገለግላሉ። የምግብ ጨው አያስፈልግም፤ የማላዊ ሐይቅ ባሕር አይደለም።

ሶዳው በባልዲ ተሟሙቶ የሚጨመረው በአዲስ ውሃ ላይ ብቻ ነው። ከገንዳው በትነት የጎደለውን ለመሙላት ሶዳ የሌለው ውሃ ይጨመራል፤ ውሃው ሲተን ማዕድኑ ስለማይተን በየጊዜው ሶዳ ከተጨመረ ጥንካሬው እያደገ ይሄዳል። ሐይቁን ራሱን ማዕድናማ ያደረገው ይኸው ሂደት ነው።

በቧንቧ ውሃ ያለው ክሎሪን የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል፣ ጠቃሚውን ባክቴሪያም ይገድላል። ውሃውን በክፍት ዕቃ አንድ ወይም ሁለት ቀን ማሳደር ክሎሪኑን ያስወጣል፤ ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት የውሃ ማከሚያ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ያጠፋዋል። ውሃው የሚታከመው በክሎራሚን ከሆነ ማሳደር ብቻውን አይበቃም።

የናይትሮጅን ዑደት

ዓሣ በዋናነት በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብና ዓይነ ምድርም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው። በሐይቅ ውስጥ በብዙ ውሃ ስለሚቀጥንና ባክቴሪያ ስለሚበላው አይታወቅም፤ በ300 ሊትር ውስጥ ግን የሚሄድበት የለም። መፍትሔው በማጣሪያው ውስጥ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች እንዲራቡ ማድረግ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ። ናይትራይትም የዓሣውን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም የሚያደርግ መርዝ ነው። ሁለተኛዎቹ ናይትራይትን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይቀይራሉ፤ ናይትሬት ውሃ በመቀየር ይወገዳል። ገንዳው በስሏል የሚባለው ሁለቱም ባክቴሪያዎች በበቂ መጠን ሲገኙ ነው።

ይህ ለማንኛውም ገንዳ እውነት ነው። የማላዊ ገንዳን ልዩ የሚያደርገው ፒኤቹ ነው። በውሃ ውስጥ አሞኒያ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ አሞኒየም ይባላል፣ ጉዳቱም ትንሽ ነው፤ ሌላው ነጻው አሞኒያ ነው፣ ገዳዩም እሱ ነው። የሁለቱን ድርሻ የሚወስኑት ፒኤችና ሙቀት ናቸው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤቹ 7 ከሆነ ከጠቅላላው ገዳይ የሚሆነው 0.6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፒኤቹ 8 ሲሆን ከ5 በመቶ ይበልጣል፤ 8.5 ሲሆን 15 በመቶ ይደርሳል። የተለመደው መመርመሪያ ሁለቱን በአንድነት ስለሚለካ በሊትር 1 ሚሊግራም የሚል ተመሳሳይ ውጤት በለስላሳ ውሃ ገንዳ የማያሳስብ፣ በማላዊ ገንዳ ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል። ነጻው አሞኒያ በሊትር ከ0.05 ሚሊግራም ሲያልፍ ስንጥብን መጉዳት እንደሚጀምር ይታሰባል፤ በ8.5 ፒኤች ጠቅላላው 1 ሚሊግራም ከሆነ ነጻው 0.15 ነው፣ የዚህ ሦስት እጥፍ። ሌላ ዓሣ ባልበሰለ ገንዳ ሲተርፍ ያየ ሰው ሲክሊድ ጠንካራ ነው ሲባል ሰምቶ በዚያው መንገድ ሲሞክር የሚከስረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ገንዳው ያለ ዓሣ ይበስላል። ማጣሪያውና ማሞቂያው ከተከፈቱ በኋላ በሊትር 2 ሚሊግራም ያህል እስኪሆን ድረስ አሞኒየም ክሎራይድ ወይም ሽቶና ሳሙና የሌለው ንጹህ የአሞኒያ ፈሳሽ ይጨመራል። አሞኒያ ካልተገኘ ጥቂት የዓሣ ምግብ በየቀኑ ጣል ማድረግ ይቻላል፤ ይበሰብስና አሞኒያ ይሰጣል፣ ግን መጠኑን መቆጣጠር ያስቸግራል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አስፈላጊ ነው፦ በረኪና አሞኒያ አይደለም። ባክቴሪያውን ሁሉ ይፈጃል፤ ከአሞኒያ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ለሰው ሳንባ አደገኛ የሆነ ጋዝ ያወጣል።

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም የተለወጠ አይመስልም። ከዚያ አሞኒያው መውረድ፣ ናይትራይቱ መውጣት ይጀምራል፤ ናይትራይቱ ለብዙ ቀናት ከፍ ብሎ ይቆይና አንድ ቀን ድንገት ይወርዳል። የተጨመረው 2 ሚሊግራም አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ናይትራይትም ዜሮ ሲሆን ገንዳው በስሏል። ብዙውን ጊዜ ይህ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ጤናማ ዓሣ ካለበት ነባር ገንዳ የተወሰደ የማጣሪያ ስፖንጅ ቢገባበት ጊዜው በጣም ያጥራል፤ ነገሩ እርሾ በሊጥ ላይ እንደመጨመር ነው። ዓሣው ከመግባቱ በፊት የተከማቸውን ናይትሬት ለማውጣት አብዛኛው ውሃ ይቀየራል።

ባክቴሪያው የሚኖረው በውሃው ውስጥ ሳይሆን በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ ተጣብቆ ነው። ስለዚህ ስፖንጁን በቧንቧ ሥር ማጠብ የስድስት ሳምንት ሥራን በአንድ ደቂቃ ማጥፋት ሊሆን ይችላል። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ በባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።

ማጣሪያ፣ ሙቀትና አየር

እምቡና በዛ ብሎ ስለሚያዝ ማጣሪያው ጠንካራ ይሆናል፤ በሰዓት የገንዳውን ውሃ ከ6 እስከ 10 ጊዜ የሚያዞር፣ ለ300 ሊትር ከ1,800 እስከ 3,000 ሊትር ማለት ነው፣ ይመረጣል። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይጠበቃል። እንደ አዲስ አበባ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ከተማ ማሞቂያ ግዴታ ነው። ከአንድ 300 ዋት ማሞቂያ ሁለት 150 ዋት ይሻላል፤ አንዱ ሳይጠፋ ቢቀር ብቻውን ገንዳውን የመቀቀል አቅም የለውም።

ለኢትዮጵያ ደጋማ ከተሞች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ በውጭ አገር መመሪያዎች አይገኝም፣ ምክንያቱም የተጻፉት በአብዛኛው ዝቅተኛ ቦታ ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም ይቀንሳል። በ26 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ወለል ከፍታ አንድ ሊትር ውሃ 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ በ2,400 ሜትር የሚይዘው ወደ 6 ሚሊግራም ብቻ ነው። በማላዊ ሐይቅ ከፍታ ይህ ጉድለት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ወይም በደብረ ብርሃን ለሚቋቋም ገንዳ የአየር ፓምፕ እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ማጣሪያው ሁሉ አስፈላጊ መሣሪያ ነው፣ ሙቀቱንም ወደ 25 ዲግሪ ማድረጉ ይመረጣል፤ ሞቃት ውሃ ከቀዝቃዛ ያነሰ ኦክስጅን ይይዛል።

መብራት ሲጠፋ ቅድሚያ የሚያስፈልገው አየር ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ዓሣውንም በስፖንጁ ላይ ያለውን ባክቴሪያም ያቆያል። ሙቀቱ ለሰዓታት ቀስ ብሎ ቢወርድ ዓሣው ይችለዋል። ምግብ መስጠት ይቋረጣል። ከብዙ ሰዓት በኋላ መብራት ሲመለስ የተዘጋ ዓይነት ማጣሪያ ከመነሳቱ በፊት በውስጡ የታቆረው ውሃ ይደፋል፤ ኦክስጅን አልቆበት የበሰበሰ ነገር ሊኖርበት ይችላል።

ዓሣ መምረጥ

በሌሎች ገንዳዎች ጥቂት ዓሣ መያዝ ይመከራል። በእምቡና ገንዳ ግን ጥቂት ዓሣ ጠብ ያመጣል። ሦስት ወይም አራት ዓሣ ብቻ ካለ ኃይለኛው ደካማውን መርጦ እስኪሞት ያሳድደዋል። ቁጥሩ በዛ ሲል ቁጣው ይከፋፈላል፤ ድንበር ጠብቆ መዋልም ያዳግታል። ይህ መጨናነቅ የሚሠራው ግን በጠንካራ ማጣሪያና በየሳምንቱ ውሃ በመቀየር ብቻ ነው። ያለ እነርሱ ዓሦቹን ከጠብ አድኖ በቆሻሻቸው መግደል ይሆናል።

ለ300 ሊትር ሦስት ዝርያ፣ ከእያንዳንዱ 6 ወይም 7፣ በድምሩ ወደ 20 ዓሣ ተመጣጣኝ ነው። ከእያንዳንዱ ዝርያ አንድ ወይም ሁለት ወንድ፣ የቀሩት ሴት እንዲሆኑ ይፈለጋል። በትንሽነታቸው ፆታቸው ስለማይለይ ከሚያስፈልገው በላይ ጫጩቶች በአንድ ጊዜ ገብተው ሲያድጉ ትርፍ ወንዶቹ ይወጣሉ። ሁሉም በአንድ ቀን መግባታቸው ድንበር ቀድሞ የያዘ እንዳይኖር ያደርጋል። ገንዳውን ያለ ዓሣ ማብሰል የሚያስፈልግበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው፤ ሃያ ዓሣ በአንድ ቀን የሚችል ያልበሰለ ገንዳ የለም። በኋላ አዲስ ዓሣ መጨመር ካስፈለገ ድንጋዮቹን እንደገና መደርደር የድሮውን ድንበር ያፈርሳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ከሚስማሙት መካከል ላቢዶክሮሚስ ኬሩሌየስ ይገኛል። በገበያ የሚታወቀው ደማቅ ቢጫው ዓይነት ነው፤ በሐይቁ በብዙ ቦታ ግን ዝርያው ቢጫ አይደለም። ጠበኝነቱ አነስተኛ ነው። አዮዶትሮፊየስ ስፕሬንገሬ ቡናማና ሐምራዊ ቅልቅል ቀለም ያለው ሰላማዊ ዓሣ ሲሆን ፕሴዶትሮፊየስ ሳያኒዮራብዶስ ደግሞ በሊኮማ ደሴት የሚገኝ፣ ወንዱም ሴቷም ጥቁር ሰማያዊ የሆኑ፣ ትንሽ ኃይለኛ ዓሣ ነው። ሦስቱ በመልክ ስለማይመሳሰሉ ወንዶቹ አንዱ የሌላውን እንደ ተቀናቃኝ አያዩም፣ የመዳቀልም ዕድላቸው ይቀንሳል። እምቡና በዋናነት የሚጣላው ከሚመስለው ጋር ነው።

ሜላኖክሮሚስ አውራተስ በትንሽነቱ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው በጣም ውብ ዓሣ ነው፤ ለዚህም ጀማሪዎች ይገዙታል። ሲያድግ ወንዱ ይጠቁርና ገንዳውን ሁሉ የራሱ ያደርጋል። ለ300 ሊትር አይሆንም። ቺንዶንጎ ደማሶኒ ከራሱ ወገን ጋር እጅግ ስለሚጣላ ቢያንስ 12 ሆኖ ይያዛል ወይም አይያዝም። ከታንጋኒካ ሐይቅ የመጡ ሲክሊዶችን ከእምቡና ጋር መቀላቀልም አይመከርም፤ የዚያ ሐይቅ ውሃ ይበልጥ ጠንካራ ነው፣ ብዙዎቹ ዓሦችም የእምቡናን ጠበኝነት አይችሉም።

ዝርያ ሳይጻፍበት የአፍሪካ ሲክሊድ ተብሎ በጅምላ የሚሸጥ ዓሣ ርካሽ ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ዲቃላ ነው፣ ሲያድግ ምን እንደሚሆንም አይታወቅም። በሌላ በኩል ከሐይቁ የተጠመደ ዓሣ መግዛት የራሱ መዘዝ አለው። ወንዱ ሰማያዊ፣ ሴቷ ቢጫ የሆነው ቺንዶንጎ ሳውሎሲ በሐይቁ ውስጥ የሚኖረው በአንድ ትንሽ የውሃ ውስጥ ዓለት አካባቢ ብቻ ነው። ለጌጠኛ ዓሣ ንግድ ብዙ ስለተጠመደ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርዝር በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ተመድቧል፤ በዓለም ዙሪያ በሰው ገንዳ ውስጥ ግን በቀላሉ ይራባል። በገንዳ የተራባውን መግዛት ለሐይቁም ለገዢውም ይሻላል፤ እንዲህ ያለው ዓሣ የሰው ምግብና የሰው ውሃ የለመደ ነው።

ምግብ

አልጌ የሚግጥ ዓሣ አንጀቱ ረጅም ነው። የበሬ ልብ፣ ሥጋና ስብ የበዛበት ምግብ ይህን አንጀት ያውካል። በጣም የሚፈራው የማላዊ እብጠት የሚባለው ሕመም ነው፦ ዓሣው መብላት ያቆማል፣ ምግብ አፉ ውስጥ አስገብቶ ይተፋል፣ ነጭ ክር የመሰለ ዓይነ ምድር ያወጣል፣ ከዚያ ሆዱ ያብጣል። ሆዱ ካበጠ በኋላ የሚተርፍ ጥቂት ነው። አርቢዎች መጀመሪያ ላይ በሜትሮኒዳዞል ያክሙታል፤ ይሁንና መንስኤው ብዙውን ጊዜ ምግብ፣ የቆሸሸ ውሃ ወይም መሳደድ ስለሆነ መድኃኒቱ ብቻውን አያዘልቅም።

ዋናው ምግብ ስፒሩሊና ያለበት ፍሬ ወይም ቅጠል መሰል ደረቅ ምግብ ነው። ስፒሩሊና በአልካላይን ሐይቆች የሚበቅል አረንጓዴ ደቂቅ ዘአካል ሲሆን በኢትዮጵያም በቢሾፍቱ አጠገብ ባለው አረንጓዴ ሐይቅና በጪቱ ሐይቅ በተፈጥሮ ይገኛል። የተቀቀለ ቆስጣና አተርም በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ይሰጣል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ መጠን ይበቃል። እምቡና ሁልጊዜ የራበው ይመስላል፤ ሰው ሲቀርብ መስታወቱ ላይ ይሰበሰባል፤ ይህ ግን የረሃብ ምልክት አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ጾም ቢያድር ምንም አይሆንም።

በየሳምንቱ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው ውሃ ይቀየራል። ናይትሬቱ በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች፣ ቢቻል ከ20 በታች እንዲሆን ይደረጋል። የሚገባው ውሃ ሙቀትና ጥንካሬ ከገንዳው ጋር መቀራረብ አለበት።

መራባት

እምቡና በገንዳ ለመራባት ማበረታቻ አይፈልግም። ወንዱ ቀለሙን አድምቆ እየተንቀጠቀጠ ሴቷን ወደ ቦታው ይጠራታል። እንቁላሏን ጥላ ወዲያው በአፏ ትለቅማለች። በወንዱ የኋላ የሆድ ክንፍ ላይ እንቁላል የሚመስሉ ቢጫ ነጠብጣቦች አሉ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ቮልፍጋንግ ቪክለር በ1962 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ማብራሪያ ሴቷ ነጠብጣቦቹን እንቁላል መስለዋት ለመልቀም ስትጠጋ የወንዱን ዘር ወደ አፏ ታስገባለች፣ እንቁላሎቹም እዚያው ይጸነሳሉ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የነጠብጣቡን ጥቅም በተለያየ መንገድ ቢተረጉሙትም ሴቷ እንቁላሉን በአፏ መያዟ ላይ ጥርጥር የለም። በኢትዮጵያ ሐይቆች ያለችው ሴት ቆሮሶም እንዲሁ ታደርጋለች።

ሴቷ አገጯ አብጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ያለ ምግብ ትቆያለች። በዚህ ጊዜ ከተሳደደች ልጆቿን ትተፋለች ወይም ትውጣለች፤ ብዙ ዋሻ ማስፈለጉ እዚህም ላይ ይታያል። ጫጩቶቹ ሲለቀቁ ሙሉ ቅርጽ ያላቸው ትናንሽ ዓሦች ናቸው፤ ከደቀቀ የስፒሩሊና ምግብ ጀምረው ይበላሉ። በዋናው ገንዳ ውስጥ ከለቀቀቻቸው አብዛኞቹ ይበላሉ፣ ጥቂቶቹ በድንጋዩ መካከል ይተርፋሉ። ብዙ ለማትረፍ የሚፈልግ ሰው ሴቷን በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ወደ ሌላ ገንዳ ያዛውራታል።

ከተለያዩ ዝርያዎች የተወለዱ ዲቃላዎች ለሌላ ሰው አይሰጡም፤ አንድ ጊዜ ከተሠራጩ ንጹህ መስመሩን መልሶ መለየት አይቻልም። ትርፍ ዓሣን ወደ ወንዝ ወይም ሐይቅ መልቀቅም በየትኛውም አገር ለነባሩ ዓሣ አደገኛ ነው። ንጹህ ጫጩቶች የሚሰጡት ከሙሉ የዝርያ ስማቸውና ወላጆቻቸው ከየትኛው የሐይቁ ዳርቻ እንደሆኑ ከሚገልጽ ጽሑፍ ጋር ነው፤ በማላዊ ሐይቅ የአንድ ዝርያ ቀለም ከአንዱ የድንጋይ ዳርቻ ወደ ሌላው ስለሚለያይ የቦታው ስም የዓሣው ስም አካል ሆኖ ይጻፋል።